አሜን የተባለበት ቱቦ

ፈሪ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር ብዬ ነው። ውሻ እፈራለሁ፣ መርፌ እፈራለሁ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች እሷንም እፈራ ነበር። ግን በስተርጅና የያዘኝን ፍርሃት የሚያህል በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም። ያመጣብኝ ደግሞ ማንም አይደለም፤ ማስተርስ ካልተማርኩ ብዬ የተነሳሁት እኔው ነኝ።

ጡረታ የወጣሁት ከመንገድ ሥራ ነው። ቡታጅራ ቤት ሠርቼ፣ ጠጠር ሲደፋና አፈር ሲደመደም እየተቆጣጠርኩ ኖሬ፣ ፀጉሬ ሲያልቅ በቃህ አሉኝ። እኩዮቼ ዳማ ይዘው ጥላ ሥር ገቡ። እኔ ዳማ አልችልም፤ ሁልጊዜ ተበልቼ እነሳለሁ። ስለዚህ ወልቂጤ ሄጄ ለሲቪልና አካባቢ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ልመዘገብ ወረፋ ያዝኩ። የምትመዘግበው ልጅ ማስረጃዬን ተቀብላ አገላብጣ ካየች በኋላ፣ "የልጅዎ ነው አባባ?" አለችኝ።

"ልጄማ ጨርሷል" አልኳት። "ይሄ የአባቱ ነው።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ስገባ ተማሪው በሙሉ ብድግ አለ። መምህር መስያቸው ነው። እኔም ክፉ ነኝና ኮቴን አስተካክዬ "ተቀመጡ" አልኳቸው፤ ከዚያ ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሲስቁ አብሬያቸው ሳቅሁ። ያ መነሳታቸው ኋላ ምን እንደሚያስከፍለኝ ያን ዕለት አልገባኝም።

ያስከፈለኝ እንዲህ ነው። ማንም አያርመኝም። አማካሪዬ የልጄ እኩያ የሚሆን ዶክተር ነው፤ የሌሎቹን ጽሑፍ ለክትፎ እንደተከተፈ ሥጋ በቀይ እስክሪብቶ አቅልቶ ይመልስላቸዋል። የእኔ ግን እንደሄደች ነጭ ሆና ትመለሳለች፤ ከታች "ጥሩ ነው ጋሼ" የምትል ብቻ ተጽፋባት። መጀመሪያ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ቆይቼ ሳስበው ደረቴ ተነፈሰ። ለዕድሜዬ ነው እንጂ ለጽሑፌ አይደለም የሚነሱልኝ።

አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ብቻ አትነሳልኝም። አባቷ ከጎንደር በመምህርነት መጥተው ወልቂጤ የቀሩ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ከተማው ውስጥ መሐንዲስ ሆና የምትሠራ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ልጅ ናት። እሷም እንደ ሌሎቹ "አባባ" ትለኛለች፤ በእሷ አፍ ግን ቃሉ ይቆነጥጣል። "አባባ፣ ይሄን ግራፍ የሳሉት መነጽርዎን አውልቀው ነው?" ትለኛለች። እናደዳለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ግራፉን አስተካክለዋለሁ።

አሁን ወደ ቱቦው ልምጣ።

የተወለድኩባት መንደር ከአገና በታች ናት፤ ከቡታጅራ ወልቂጤ ስመላለስ ሚኒባሱ በአጠገቧ ያልፋል። መንደሯን ለሁለት ከፍሎ ጀፎረው ይወርዳል፤ ያ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ግራና ቀኝ ጎጆ የተሰለፈበት፣ ልጅ የሚሮጥበት፣ ሠርግም ለቅሶም የሚቆምበት። ይሄን ጀፎረ ከላይ የሚመጣ ጎርፍ ቦይ ቆርጦበት፣ ቦዩም ከዓመት ዓመት እየጠለቀ፣ መኪና መሻገር አቃተው። ምጥ የያዛት ሴት አታት ሆስፒታል ለመድረስ እስከ ቦዩ ማዶ በሰው ትከሻ ትሄዳለች። የመንደሩ ሽማግሌዎች ጠርተውኝ "አንተ እኮ እየተማርክ ነው፣ አንድ ነገር አትለንም?" አሉኝ። እኔም መመረቂያ ጽሑፌን እሱው ላይ አደረግሁት። ቦዩ ውስጥ የሲሚንቶ ቱቦ ይቀበራል፣ አፈርና ድንጋይ ይደፋበታል፣ ውሃው ከሥር፣ መኪናው ከላይ። ቀላል ነገር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፤ ቱቦው ምን ያህል ይስፋ? ከጠበበ ውሃው ማለፊያ አጥቶ ከመሻገሪያው በላይ በኩል እንደ ግድብ ይቆማል።

ከመሻገሪያው በላይ በኩል ደግሞ፣ ከቦዩ አፍ ላይ፣ የታላቅ እህቴ ጎጆ አለ። ብቻዋን ናት። ጆሮዋ ከከዳት ቆይቷል፤ መብረቅ ቢወርድ "ማን ነው በሩን የሚመታው?" የምትል ሴት ናት። ውሃ ሲመጣ አትሰማም።

አንድ ቀን ለለቅሶ መንደር ወረድኩ። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ የዝግባው ሥር ተቀምጠው "ቱቦው ከምን ደረሰ?" አሉኝ። ገና ረቂቅ ነው አልኩ። "ለመሆኑ ምን ያህል ይሰፋል?" ሲሉኝ እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁ። ይኼው ነው ጥፋቱ፤ እጅ መዘርጋት። ከሁላችንም ታላቅ የሆኑት አባት፣ በሰማንያዎቹ ያሉ፣ እኔን እስከ ዛሬ "ይሄ ልጅ" የሚሉኝ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና መረቁ። የክርስቲያኑ አሜን፣ የእስላሙ አሚን፣ ጀፎረውን ሞላው። እኔ ለትምህርቴ የመረቁኝ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አብሬ አሜን አልኩ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ አሜን ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር የለም። ይሄን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ ረሳሁት። ከሳምንታት በኋላ በሚኒባስ ሳልፍ በመስኮት ብቅ ብል በዘረጋሁት እጅ ልክ የተገዛ ቱቦ ገብቷል፣ አፈሩ ተደፍቷል፣ ድንጋዩ ተደርድሯል። በላዩ ላይ ኮርማ እየሄደበት ነው።

"ወራጅ!" ብዬ ጮህኩ።

ወርጄ ታላቁን አባት አገኘኋቸው። "አባቴ፣ ገና እኮ ገምጋሚዎች አላዩትም!"

"አንተ አይተኸዋል አይደል?"

"እኔማ አይቼዋለሁ።"

"እኛም አይተንሃል" አሉ። "ከዚያ በላይ ማን ሊያየው ነው?"

ፍርሃቱ የጀመረኝ ያን ዕለት ነው። ቤቴ ገብቼ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ልክ ነው። ደግሜ ሠራሁት፤ አሁንም ልክ። ሰው ሒሳቡ ልክ ሲሆን ይደሰታል፤ እኔ ግን ባሰብኝ። መንገድ ሥራ ላይ ሒሳቡ ልክ የሆነ፣ ድልድዩ ግን የሌለ ብዙ አይቻለሁ። ስበላ እጄ ይቆማል። ሰማይ ሲጠቁር ለእህቴ ጎረቤት እየደወልኩ "ዝናብ አለ?" እላለሁ፤ "የለም" ሲሉኝ "መቼ ይመጣል?" እላለሁ፤ ይሄኔ ይዘጉብኛል።

አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። "ዶክተር፣ እባክህ ተሳስተሃል በለኝ።"

"ኧረ ጋሼ! እርስዎ መንገድ ሲያስጠርጉ እኔ ሀሁ እየቆጠርኩ ነበር እኮ።"

"ታዲያ አሁን ቁጠርልኝ።"

ሳቀ። ትከሻዬን በአክብሮት ነካ አድርጎ እስከ በሩ ሸኘኝ። ምላጯ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። እሷ ደግሞ በራሷ ጽሑፍ ተወጥራ ዓይኗ ቀልቷል። "አባባ፣ አሁን ጭንቅላቴ ሞልቷል። በዲፌንስዎ ቀን መጥቼ በሕዝብ ፊት እሰድብዎታለሁ፤ እስከዚያ ይታገሱኝ" አለችኝ። በዓለም ላይ ያለኝ ተስፋ ያ ስድብ ብቻ ሆነ።

ዲፌንሱ ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዋለ። ጽሑፌን ልከላከል ፕሮጀክተሩን ሳስተካክል በሩ ተከፈተና የመንደሬ ሽማግሌዎች ገቡ። ሚኒባስ ተከራይተው ነው የመጡት። ጋቢያቸውን አጣፍተው የፊተኛውን ረድፍ ያዙ። ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አምጥተው ኖሮ የገምጋሚዎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን አኖሩት።

"አባቶቼ፣ ምነው?" አልኩ በጉራጊኛ።

"ልጃችን ለሙግት ሲቆም ብቻውን ይቆማል እንዴ?" አሉ ታላቁ።

እነሱ ተከሳሽ ነው ብለው ሊያድኑኝ መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ እንዲፈረድብኝ እየለመንኩ ነው።

አቀረብኩ። ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ፤ ታዳሚው ግን በእርጅና አሳበበልኝ። ስጨርስ አጨበጨቡ። ከሌላ ከተማ የመጣው ገምጋሚ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ "ስለ ውሃው መጠን አንድ ነገር ግልጽ ቢያደርጉልን…" ብሎ ጀመረ። ልቤ ዘለለች። ይሄኔ ታላቁ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ" አሉት በዝግታ፣ "ይሄ ነገር አሜን ተብሎበታል።"

ሰውዬው ደነገጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቆጮ አየ፣ የጋቢውን ረድፍ አየ። "ይቅርታ አባቴ፣ ለማወቅ ያህል ነው" አለና ገጹን ገለበጠው። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ "ለወጣቱ ትውልድ አርአያ ነዎት ጋሼ። እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…"

"አለ!" አልኩ።

"ማን አለው?"

"እኔ። ይሄ ቱቦ ጠብቦ ቢሆንስ?"

ክፍሉ ሳቀ። ቀልደኛ ነው እየተባልኩ ስለኖርኩ ያመነኝ የለም፤ ቀልድ የሚያስከፍለው ይሄን ነው። በመስኮቱ በኩል በስተምሥራቅ ሰማዩ ከተራራው በላይ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዓይኔን ወደ ኋላ ወረወርኩ። ጓደኛዬ በሩ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹን ስታይ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እሷም ልትነሳልኝ ነው!

"አንቺ! እሰድብዎታለሁ ብለሽኝ አልነበር?"

"አባባ… አባቶች ፊት?"

"አባቶች ፊት። ወንድምሽ ነኝ ብለሽ አስቢ። ጠላትሽ ነኝ ብለሽ አስቢ።"

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ አወረደችው።

"ከመሻገሪያው በላይ ያለው መሬት ሣር ነው ብለው ነው የጻፉት።"

"ሣር ነው።"

"የትኛው ሣር?"

"እንዴት የትኛው? የጀፎረው ጫፍ፣ ላይኛው ሜዳ ነዋ። በልጅነቴ ከብት ያገድኩበት!"

"አባባ፣ መቼ ነው በእግርዎ የሄዱበት?"

ቁልቁለቱን በመሣሪያ ለክቻለሁ። ቦዩን ለክቻለሁ። የዝናቡን መረጃ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ለምኛለሁ። የማላውቀውን ሁሉ መረመርኩ። የላይኛውን ሜዳ ግን አውቀዋለሁ፤ ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይጠጣዋል፣ ሰዓት ሳይሞላ ደረቅ ነው። ምን ላይ እሄዳለሁ? የቤቴን ደጃፍ ለመሳል ደጃፌ ሄጄ አያለሁ እንዴ? ከዘነበው ውሃ ስንቱ ሰርጎ ስንቱ እንደሚፈስ የሚናገረውን ቁጥር ከጭንቅላቴ አውጥቼ ጻፍኩት። በሚኒባስ ሳልፍም ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ እህቴ ጎጆ ነው። ወደ ላይ ቀና ብዬ አላየሁም።

ስልኳን አመጣችልኝና ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ አሳየችኝ። ሣር የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርቆሮ ነው የሚያብረቀርቀው፤ በመሐሉ ኮብልስቶን። ጣሪያ ውሃ አይጠጣም። ድንጋይ ውሃ አይጠጣም። የዘነበው በሙሉ ተሰብስቦ ወደ ቱቦዬ ነው የሚወርደው።

"ምን አለች?" አሉ ታላቁ አባት።

በጉራጊኛ ነገርኳቸው።

"ጠቧል?"

"ጠቧል፣ አባቴ። ውሃው ወደ እህቴ ቤት ነው የሚመለሰው።"

"አሜን ተብሎበታል እኮ" አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ታላቁ አባት ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው መሐል ይዘው ብዙ አሰቡ። በሕይወቴ የማንንም ቃል እንደዚያ አልጠበቅሁም። "አሜን ያልነው ለመንገዱ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ለቱቦ አሜን ያለ ሰው አለ? እኔ አላልኩም።" ተነሱ። ሲነሱ ረድፉ በሙሉ ተነሳ። "ሰማዩን እያያችሁ ነው?"

ሰብሳቢው ከኋላችን "ጋሼ፣ ውጤቱ!" እያለ ሲጣራ እኛ ደረጃው ላይ ነበርን።

ስለዚያ መንገድ ብዙ አልናገርም። ሚኒባሱ ሽቅብ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስኮቱን እንደ ጠጠር መቱት፤ ከዚያ መስኮቱ ራሱ ጠፋ። ሹፌሩ መጥረጊያው አልሠራ ብሎት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ሽማግሌዎቹ በየሃይማኖታቸው ይለምናሉ፤ እኔ በሁለቱም ለመንኩ። የእህቴ ጎረቤት ስልክ አይነሳም። ስልክ የማይነሳው ሰው ውጭ ሆኖ የሆነ ነገር ሲያይ ነው፤ እኔ በደጉ ቀን የማስበው እንዲህ ነው፣ በክፉውማ ተዉኝ።

ስንደርስ ዝናቡ ጋብ ብሏል። ውሃው ግን ጋብ አላለም። ከመሻገሪያው በላይ ኩሬ ሆኖ፣ ቡናማ፣ ድምፅ የሌለው፣ የቱቦው አፍ ከሥሩ ጠፍቶ። የእህቴ አጥር ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፤ የጓሮዋ እንሰት ቅጠሉ ብቻ ከላይ ይታያል። ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል፤ ግን ማንም አይነካም።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

"አሜን ተብሎበታል!" አለኝ አንዱ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ታላቁ አባት ከሚኒባሱ ወረዱና ከዘራቸውን አንስተው መሻገሪያውን መቱት። "ቁረጡት!"

እኔ መቆረጡን አላየሁም። ወደ እህቴ ቤት እየሮጥኩ ነበር፤ ውሃው ጉልበቴ ጋ ደርሶ፣ የዲፌንስ ሱሪዬ እግሬ ላይ ተጣብቆ። በሩን ገፋሁት። ውሃው ደፉን ለማለፍ ጣት ያህል ይቀረዋል። እህቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቃጫ ትገምዳለች። ትከሻዋን ስነካት ዘላ ተነሳች።

"ውይ! ሰው እንዲህ ይገባል? ጫማህን አውልቅ፣ ቤቴን በጭቃ!"

ልሸከማት ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ቀጭ አለና እዚያው ቀረሁ። ልትሸከሙት የሚገባችሁ ሰው ክንዳችሁን ይዞ ሲያቀናችሁ ምን እንደሚሰማ አልነግራችሁም። ተደጋግፈን በሩ ላይ ስንደርስ ከታች በኩል አንድ ትልቅ ነገር የተቀደደ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ እኔ ሰማሁት፣ እሷ አልሰማችም። ውሃው ከእግራችን ሥር ማፈግፈግ ጀመረ። ኩሬው ተንዶ፣ የመንደሩን ልፋት፣ ድንጋዩንም አፈሩንም ቱቦውንም ይዞ ወደ ታች ሄደ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" አለች እህቴ በሩ ላይ ቆማ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩ በጆሮዋ። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ስልኬ ጮኸ። ምላጯ ናት። "አባባ፣ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን።"

"ገምጋሚዎቹ ውጤቱን አቆይተውታል። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ጽሑፉን እንደገና ሲያነቡት ጥያቄ አላቸው። ብዙ ጥያቄ ነው አባባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሱ ብለዋል።"

"ጨካኞች ናቸው?"

"በጣም።"

"ተመስገን" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ በተቆረጠው ቦይ ዳር ተሰልፈው፣ ጋቢያቸው እየተንጠባጠበ፣ የሄደውን መንገዳቸውን ያያሉ። ከመካከላቸው አንድም ሰው ያዘነብኝ አይመስልም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ታላቁ አባት ወደ እኔ ዞሩ።

"በል እንግዲህ፣ አሁን ምን ያህል ይስፋ?"

እጆቼ በራሳቸው ሊዘረጉ ተነሱ። አየኋቸውና ወደ ኪሴ ከተትኳቸው።

"አልናገርም፣ አባቴ። መጀመሪያ ላይኛውን ሰፈር በእግሬ እዞረዋለሁ፣ ጣሪያ ለጣሪያ። ከዚያ እዚያ ወልቂጤ ያሉት ይጨቀጭቁኛል። ከእነሱ ከተረፍኩ እናገራለሁ።"

"ደግ ነው" አሉና መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከኋላቸው ያሉትም ዘረጉ፤ አፋቸውን ለአሜን ሲያዘጋጁ አየሁ።

"ቆዩ!" ብዬ በባዶ እግሬ በጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። "ስለ እግዜር፣ ገና ነው! ማንም አሜን እንዳይል!"